ቁልቁልና ሽቅብ

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፍጥነት ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ቁጥር ይሆናል። ሜትሮኖሙን 160 ላይ አድርጎ በየምቱ አራት አራት ኖታ የሚያወጣ ሰው በሰከንድ ከ10 በላይ ኖታ መታ ማለት ነው። «ወይ ጣት!» ይባልለታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከአሥሩ ስንቱ ራሱን ችሎ ይሰማል የሚለው ነው።

ፒክን አንዴ ቁልቁል አንዴ ሽቅብ እያፈራረቁ መምታት ሮክ የፈጠረው ብልሃት አይደለም፤ የዑድ ተጫዋቾች ያውቁታል። በአባቱ ወገን የሊባኖስ ዘር ያለው አሜሪካዊው ዲክ ዴል እ.ኤ.አ. በ1962 የቀረጸው «ሚሰርሉ» ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ የቆየ ዜማ ነው። (በ1994 «ፐልፕ ፊክሽን» ፊልም ውስጥ ስለገባ ስሙን ባያውቁትም የሰሙት ብዙ ናቸው።) መግቢያውን ልብ ብላችሁ ስሙት። እጁ ይርገፈገፋል እንጂ ዜማው አይቸኩልም፤ ወፍራሙን ክር ይዞ ይወርዳል ይወጣል። የጊታር ድምፅ እንደተመታ ወዲያው መክሰም ይጀምራል፤ የዴል ፍጥነት ያ ድምፅ እንዳይከስም የሚይዝ ነው።

አንድ ክር ላይ መርገፍገፍ ግን ገና ግማሹ ነው። ጣጣው ከክር ወደ ክር ሲታለፍ ይመጣል። በእያንዳንዱ ክር ሦስት ሦስት ኖታ ያለበት ስኬል እንውሰድ። የመጀመሪያው ክር በቁልቁል ተጀምሮ በቁልቁል ያልቃል፤ ቀጣዩ እንግዲህ በሽቅብ መጀመሩ ነው፤ ለዚህም ፒኩ አዲሱን ክር ሳይነካ ዘሎ ማዶው መድረስ አለበት። ፍጥነትን የምትበላው ይህች ዝላይ ናት። ብዙ አስተማሪዎች «በዝግታ ጀምር፤ ሜትሮኖሙን ጥቂት ጥቂት ጨምር» ይላሉ። ምክሩ ለግራ እጅ መልካም ነው፤ ለቀኙ ግን አይበቃም፤ በዝግታማ የማያዋጣውም አመታት ይሠራል። አስቀድሞ ስድስት ኖታ ብቻ በሙሉ ፍጥነት ሞክሮ ማቆም፣ ክንድ ከተወጠረ መተው፣ እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ይሁን ከክርን መለየት ይሻላል። ዝግታው ከዚያ ወዲያ ለማጥራት ይጠቅማል።

አል ዲ ሜኦላ ዝላዪቱን ከተወጧት አንዱ ነው። በ1977 በወጣው «ኤለጋንት ጂፕሲ» አልበሙ፣ በተለይም «ሬስ ዊዝ ዴቭል ኦን ስፓኒሽ ሃይዌይ» ላይ፣ ሁሉንም ኖታ ማለት ይቻላል በፒክ ይመታል፤ ክሩንም በመዳፉ ጠርዝ አፈን ስለሚያደርገው ኖታዎቹ እንደ ፈንዲሻ አንድ በአንድ ይፈነዳሉ። አደንቀዋለሁ፤ ግን ይደክመኛል። ነጠላ ሰረዝ እንደሌለው ጽሑፍ ትንፋሽ ያሳጥራል።

እዚያው አልበም ላይ ያለው «ሜዲትራኒያን ሰንዳንስ» ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ቀርቶ ሁለት አኩስቲክ ጊታሮች ይነጋገራሉ። አብሮት ያለው ስፔናዊው ፓኮ ዴ ሉሲያ ፒክ የለውም፤ አመልካችና የመሃል ጣቱን እያፈራረቀ ነው ያንን ፍጥነት የሚያመጣው። አንዱ ሲገሰግስ ሌላው ያጅባል። ዲ ሜኦላ ተራው ሲደርስ የሚያዘንበው ኖታ ለፓኮ የተሰጠ መልስ ስለሆነ አይሰለችም። እኔም ከአልበሙ ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው።