የዋይት ሲቲው ቀለበት፦ ስለ ግሬአም ዶባርን ሥራ አንዳንድ አስተያየቶች

በቋንቋችን ስለ ሥነ ሕንፃ የሚቀርበው ሒስ ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው ገጽታና ከጌጡ አያልፍም። ሰው በውስጡ የሚመላለስበትና ሥራው የሚከናወንበት ሥርዓት እምብዛም አይመረመርም። በምዕራብ ለንደን፣ በ1908 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ለፈረንሳይና ብሪታንያ ኤግዚቢሽን በተሠሩት ነጫጭ አዳራሾች ሳቢያ ዋይት ሲቲ በተባለው ሰፈር የሚገኘው የቀድሞው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ማዕከል ይህን ጉድለት ለማሳየት ተስማሚ ምሳሌ ነው።

ነዳፊው ግሬአም ዶባርን (1893–1976) ከኒጀል ኖርማን ጋር በመሠረተው ድርጅት አማካይነት አስቀድሞ የታወቀው በአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዎች ነበር፤ በ1939 የተከፈተው የበርሚንግሃም ማረፊያ ከእነዚህ አንዱ ነው። በማረፊያ ንድፍ ዋናው ጉዳይ መንገደኛውና ዕቃው ሳይደናቀፉ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው እንዲሄዱ ማድረግ ነው። በዋይት ሲቲ የተጠቀመበት ብልሃትም ከዚሁ ልምድ የመነጨ ይመስለናል። በ1949 ሦስት ማዕዘን የሆነውን ቦታ በፖስታ ላይ ሲነድፍ መካከሉ ላይ የጥያቄ ምልክት እንደጻፈና ቅርጹን ከዚያው እንዳገኘ ይነገራል። ይህ ወግ ግን ቁም ነገሩን ሊጋርድብን አይገባም። ስቱዲዮዎቹ በቀለበቱ ዙሪያ ሲደረደሩ፣ ተዋንያን ከውስጥ፣ የትዕይንቱ ቁሳቁስ ደግሞ ከውጭ በኩል እንዲገቡ ተደርጓል። እንግዲህ ክብነቱ ጌጥ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል መልክ ነው።

ማዕከሉ በ1960 ተከፈተ፤ በ2009 በሕግ ከሚጠበቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2013 ቢቢሲ ለቀቀው። በ2017 ሦስት ስቱዲዮዎች እንደገና ሥራ ቢጀምሩም ቀለበቱ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኗል። ግድግዳው ተጠብቋል፤ ግድግዳውን የወለደው ምልልስ ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። ስለሆነም ጥበቃው የሚመሰገን ቢሆንም ምሉዕ ነው ለማለት እንቸገራለን።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በ2024 በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሳቢያ የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ ክርክሩ በአመዛኙ ይፍረሱ ወይስ ይቁሙ በሚለው ላይ ተወስኖ ቀረ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ በመካከል ደረጃና በረንዳ ሆኖ ነጋዴውን፣ ተከራዩንና መንገደኛውን ያገናኝ የነበረው አሠራር ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ከእንግዲህ አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ሕንፃዎቹ ተለክተው፣ አጠቃቀማቸው ከነዋሪዎቹ ተጠይቆ በንድፍና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባል። ይህም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ያሉ ምሁራኖቻችን ሊተባበሩበት የሚችሉት ሥራ ነው።