ካሽ ከማጥፋት በፊት ቀኑን እዩ

ትናንት ይከፈት የነበረ ድረ ገጽ ዛሬ እንቢ ሲል፣ በየሞባይል ቤቱ ቶሎ የሚታዘዘው መድኃኒት ካሽና ኩኪ ማጥፋት ነው፤ ካልሆነም ስልኩን ሪሴት ማድረግ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ማጥፋት አንዳንዴ ያድናል፤ ሲያድን ግን ጥፋቱ ምን እንደነበረ የሚያሳየውን ማስረጃ አብሮ ይወስዳል፤ ሳያድን ሲቀር ደግሞ ባለስልኩ ከገባበት ሁሉ ወጥቶ፣ ገጹም እንደተዘጋ ይቀራል። ከመንካት በፊት መጠየቅ ይቀድማል፦ እንቢ ያለው አንድ ገጽ ነው ወይስ ብዙ? በሌላ ስልክስ ይከፈታል? አንድ ገጽ በሁሉም ስልክ ካልተከፈተ ጥፋቱ ከስልኩ ውጭ ነው። ብዙ ገጽ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ከተዘጋ ግን መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው።

ቀኑን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የይፋት ሙስሊም በዓሉን በሂጅራ፣ ቀጠሮውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዞ ይኖራል። ስልኩ ሦስተኛውን፣ የፈረንጁን ይፈልጋል። ባትሪው አልቆ የቆየ ስልክ በ2017 ዓ.ም. ሲበራ ቀን ቢጠይቅና ሰው 2017 ብሎ ቢሞላ፣ በራሱ አቆጣጠር አልተሳሳተም፤ ለብሮውዘሩ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ደኅንነቱ የተጠበቀ ገጽ ሁሉ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ሰርተፍኬት አለው። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ዕድሜው ከ398 ቀን አይበልጥም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው ደግሞ ለዓመታት 90 ቀን ብቻ ሆኖ ቆይቷል። 2017 ላይ ለቆመ ስልክ ይህ ሁሉ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው። ስለዚህ ባንኩም ኢሜይሉም በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ካሽ ቢጠፋ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሰዓቱን ብቻ በእኛ ቆጠራ የሞላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3:00 ያለ ሰው፣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ስድስት ሰዓት ለሰርተፍኬት ብዙም ስላልሆነ ገጾቹ ይከፈታሉ፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ የማረጋገጫ ኮድ ከሚያወጣ አፕ የተቀዳው ቁጥር ግን ውድቅ ይሆናል። በኤስኤምኤስ የመጣው ኮድ ሠርቶ የአፑ ካልሠራ ሰዓቱን ጠርጥሩ። (በነገራችን ላይ በእኛ ቆጠራ ማየት የፈለገ ሰው ሰዓቱን ከሚያዛባ የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ከአዲስ አበባ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና ኮዱም አይበላሽም።)

«ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማን ይመራመራል? ካሽ ማጥፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ሁለተኛው በከፊል እውነት ነው፤ ገጹ ሲታደስ ብሮውዘሩ ካስቀመጠው አሮጌ ፋይል ጋር ይጋጫል። ይሁን እንጂ ይህን ሳያጠፉም ማወቅ ይቻላል፦ ገጹን በኢንኮግኒቶ ክፈቱት። እዚያ የቆየ ኩኪ አይገባም፤ ከተከፈተ የዚያን ገጽ ዳታ ብቻ ማጥፋት ይበቃል። ጊዜውም ከሪሴት ያንሳል። ብሮውዘሩ ስለ ሰርተፍኬቱ ሲያስጠነቅቅ «ማስጠንቀቂያውን አልፈህ ግባ» የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም፤ በባንክ ገጽ ላይ እንዲህ የሚመክር ደንበኛውን ለሌባ እያመቻቸ ነው። አውቶማቲክ ቀን ማብራት ጥሩ ነው፤ ቀኑ ከኔትወርክ ስለሚመጣ ግን ኔትወርክ በሌለበት አያድንም።

ቀኑ ልክ ሆኖም ብዙ ገጽ ከተዘጋ የአንድሮይዱን ቁጥር ተመልከቱ። ሌትስ ኢንክሪፕት ይደገፍበት የነበረው የቆየ ሥር ሰርተፍኬት ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ጊዜው አለፈ፤ ለአሮጌ ስልኮች የተደረገው ማራዘሚያም ሴፕቴምበር 30፣ 2024 አበቃ። ከ7.1.1 በታች ያለ አንድሮይድ የተተካውን አዲሱን ሥር ሰርተፍኬት አያውቀውም። ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ፣ ያው ገጽ በእሱ ከተከፈተ ምርመራው አልቋል። እንዲህ ያለውን ስልክ ሪሴት አድርጎ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው፤ ስልኩ የሚቀበለውን ፋየርፎክስ ጫኑለትና ለባለቤቱ ስልክህ አርጅቷል ብላችሁ እውነቱን ንገሩት።