በጋን የሚያሻግር ቅጠል

በኢትዮጵያ ደጋ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ጭድ ከብቱንና በጉን ከመኸር ማግስት እስከ ክረምት መግቢያ የሚያቆይ ዋነኛ መኖ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን፣ ማለትም ከናይትሮጅን መጠን ተነሥቶ የሚሰላው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቅ ጨጓራ ውስጥ ጭዱን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ግን 7 በመቶ ያህል ካላገኙ ስለሚዳከሙ፣ የተበላው ጭድ በሆድ ውስጥ ይቆያል፣ እንስሳውም ጭዱ ፊቱ ተከምሮ እያለ ይከሳል። ከባቄላና ከአተር ወገን የሆኑት የመኖ ዛፎች፣ ከእነዚህም መካከል መነሻው የካናሪ ደሴቶች የሆነው ትሪ ሉሰርንና ሰስባኒያ፣ ጥቅማቸው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቅጠላቸው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይይዛል።

ስሌቱን በአንድ በግ ማየት ይቻላል። 20 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን 600 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይበላል ቢባል፣ ሁሉም 4 በመቶ ፕሮቲን ያለው ጭድ ከሆነ የሚያገኘው 24 ግራም ብቻ ነው፤ 200 ግራሙ በደረቅ የትሪ ሉሰርን ቅጠል ቢተካ ግን ወደ 56 ግራም ይደርሳል፣ ይህም ከ9 በመቶ በላይ ነው። ቅጠሉ ጭዱን የሚያንቀሳቅስ እርሾ ነውና ከመኖው ሲሶ በላይ መስጠት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሞቃታማ አካባቢ በሚለማው፣ ሉኪኒያ በተባለው የመኖ ዛፍ ደግሞ ይህን መጠን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ቅጠሉ ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ያልለመደው እንስሳ ሲያበዛ ጠጉሩ ይረግፋል።

ዛፉ ይህን ፕሮቲን የሚያገኘው ሪዞቢያ የተባሉ ባክቴሪያዎች በሥሩ እባጮች ውስጥ ሆነው የአየሩን ናይትሮጅን ስለሚለውጡለት ነው። ችግኙ ቢጫ ሲሆን ሥሩን ገለጥ አድርጎ አንዱን እባጭ በጥፍር መሰንጠቅ ብዙ ያስረዳል፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራው ቀጥሏል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ዛፉ ከእባጩ የሚያገኘው ናይትሮጅን የለም። ውሃ በሚያቁር መረሬ ላይ የትሪ ሉሰርን ሥር ስለሚበሰብስ፣ ከፍታው እምብዛም በማይበዛበት ስፍራ ሰስባኒያን መትከል ይሻላል፣ ምንም እንኳ ዕድሜው አጭር ቢሆን።

ምርቱን በዓመት በተሰበሰበው ኪሎ ብቻ መለካት ያሳስታል። ሣር በሞላበት ነሐሴ የተቆረጠ ሙሉ ሸክም፣ ሜዳው ራቁቱን በቀረበት መጋቢት ከሚቆረጥ ግማሽ ሸክም ያነሰ ዋጋ አለው፤ ስለሆነም ክረምቱ ሲወጣ የሚደረገው ቆረጣ አዲሱ ቅርንጫፍ ለበጋው እንዲደርስ ታስቦ መሆን ይገባዋል። ግንዱ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ሆኖ፣ ጥቂት ቅጠል ተትቶለት ሲቆረጥ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ሥር ሥሩን የተጨፈጨፈ ግን ደጋግሞ መነሣት አይችልም። ከምርቱ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ቅጠሉ ተበልቶ የሚቀረው እንጨት ነው፤ እርሱ ምድጃ ሲገባ፣ ኩበት ይሆን የነበረው እበት ለማሳው ይተርፋል።