ኮረኮንች ፍለጋ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እኛ የምናውቀው የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው «መንገዳችን ኮረኮንች ሆኖ ተቸገርን፣ አስፋልት ይግባልን» ብለው ለቀበሌ ማመልከቻ ሲጽፉ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ወጣ ሲባል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያሉት «አደራችሁን፣ መንገዳችንን አስፋልት እንዳታለብሱብን!» ብለው ነው የሚሟገቱት። ቦታው በቨርጂኒያ የላውደን ካውንቲ ነው። ከ250 ማይል በላይ የጠጠር መንገድ አለው። ገንዘብ አጥተው እንዳይባል፣ በቤተሰብ ገቢ ከአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ አናት ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው።

ታዲያ በዚህ ጠጠር ላይ ቅዳሜና እሁድ የሚርመሰመሰው «ግራቭል» የሚሉትን ብስክሌት የያዘ ሰው ነው። ግራቭል ማለት ያው የእኛው ጠጠር ነው። ብስክሌቱ ጎማው ከእሽቅድምድሙ ሰፋ፣ ከተራራው ደግሞ ቀጠን ያለ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ በ2006 የተጀመረው የ200 ማይል የጠጠር ውድድር ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሆኗል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ያዙልኝ።) በ2022 ደግሞ ጣሊያን ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገለት። ኮረኮንች ሻምፒዮን አገኘ ማለት ነው!

እኔን የገረመኝ ግን ውድድሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። ከዲሲ ለሚነሳ ሰው ዋናው መንገድ የሚጀምረው ከጆርጅታውን ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ካናል ይባላል፤ እስከ ሜሪላንዷ ከምበርላንድ ድረስ 184 ማይል ተኩል ይሄዳል። ሽቅብ ሲኬድ በግራ የፖቶማክ ወንዝ፣ በቀኝ አሮጌው የውኃ ቦይ፣ ከላይ የዛፍ ጥላ ነው። ቦዩን በሞኖካሲ ወንዝ ላይ የሚያሻግረው ባለ ሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ በ1833 ያለቀ ነው፤ ዛሬም በብስክሌት ይሻገሩታል። ከቦዩ ተነጥሎ ወደ ላይ የወጣ ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እርሻ ይቀበለዋል። ካውንቲው በ1980 ወደ 93,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት «ይህ የእርሻ ነው፣ ቤት አይደረደርበትም» ብሎ አጥሮ ያስቀረው ነው። የውኃ ዳር መንገድ፣ ጫካና ገላጣ ሜዳ በአንድ ቀን! ያውም ከአሜሪካ ዋና ከተማ ሥር።

ይህ ሁሉ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቦዩ የተጀመረው ሐምሌ 4 ቀን 1828 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን አፈር የዛቁት ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ናቸው። በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ የባቡር መንገድ ተጀመረ። ከምበርላንድ ማን ቀድሞ ደረሰ? ባቡሩ በ1842፣ ቦዩ በ1850። ቦዩ እዚያ ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር ማለት ይቻላል። እንደዚያም ሆኖ በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ እየጎተቱ፣ በ74 የውኃ በሮች ከፍ ዝቅ እያሉ እስከ 1924 ሠርቶ በጎርፍ ተዘጋ። ዛሬ ብስክሌቱ የሚንሸራሸርበት እንግዲህ ያ የበቅሎ መንገድ ነው። በ1938 መንግሥት በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ምን ይደረግ ተባለ? እንደ ዘመኑ ወግ የመኪና መንገድ!

በጥር 1954 ዋሽንግተን ፖስት የመኪናውን መንገድ ደግፎ ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ አነበቡትና ለጋዜጣው ደብዳቤ ላኩ። ነገሩ ባጭሩ «መጀመሪያ ከእኔ ጋር በእግርህ ሂድበትና ከዚያ ፍረድ» የሚል ነበር። በመጋቢት ከከምበርላንድ ተነስተው እስከ ዋሽንግተን በስምንት ቀን ወረዱ። ብዙ ሰው አጅቧቸው ወጥቶ መንገዱን ሁሉ በእግሩ የጨረሰው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። ጋዜጣው ግን አቋሙን አለሳለሰ። መንገዱም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

«ዳኛ ስለሆኑ ተሰሙ እንጂ እኔ ብሄድ ማን ይሰማኛል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ያ በቅሎ ነጂ በእግሩ ዕድሜ ልኩን ተመላልሶበት ማንም ደብዳቤ አልጻፈለትም። ቢሆንም አንድ ነገር አይካድም፤ ዳኛው በወንበራቸው ሆነው ማዘዝ ስላልቻሉ ነው በእግራቸው የሄዱት።

አሁን ወደ ወቀሳው እንግባ። በመጀመሪያ ባለ ግራቭሎቹ። ነገሩ ውሎ አድሮ የዕቃ ጨዋታ ሆኗል። ስንት ሺህ ዶላር የወጣበት ብስክሌት፣ የጠጠር ጫማ፣ የጠጠር ቦርሳ፣ የጠጠር ሱሪ... አንድ የጎጃም ገበሬ በባዶ እግሩ የሚሄድበትን ዓይነት መንገድ ለመርገጥ ይህ ሁሉ ትጥቅ! የፓርኩ ሕግ የሚለው ሌላ ነው። ከ15 ማይል በሰዓት በላይ አትፍጠን፤ ደወል ይኑርህ፤ ለእግረኛና ለበቅሎ ቅድሚያ ስጥ። ፖ ፖ ከሚባለው 950 ሜትር ያህል ከሚረዝም ዋሻ ሲደረስ ደግሞ ሁሉም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ያልፋል። የአሥር ሺህ ዶላር ነው፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ነው ብሎ ነገር የለም። መንገዱ የተሠራው በበቅሎ እርምጃ ነው፤ የሚያምረውም በዚያው እርምጃ ነው። ሩጫ የፈለገ ውድድሩ አለለት።

ሁለተኛው ወቀሳ ለእኛው ለዲሲ አበሾች። በአሜሪካ ከሚገኘው ወገናችን ትልቁ ክፍል ያለው እዚያው ዙሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሥጋ ቤት ብንል፣ አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያን ብንል፣ ሁሉ ከዚያ ቦይ ብዙም አይርቅም። ስንቱ ታክሲና ኡበር ነጂ በየቀኑ ጆርጅታውን ሰው ሲያወርድ ይውላል! ሃያ ዓመት ኖሮ ከድልድዩ ሥር ምን እንዳለ ያላየ ግን ሞልቷል። አንዱ ደፍሮ በብስክሌት ብቅ ሲል የሚቀርብለት ሰላምታ ይህ ነው፦

«ምነው ወንድሜ፣ መኪናህ ተበላሸች እንዴ?»

ብስክሌት የልጅ ነው፤ ካልሆነም የድሃ ነው። ይህን አስተሳሰብ ጭነን የወጣነው ከአገር ቤት ነው። ደግሞ እንግዳ ነገር ሆኖብን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሜልቦርን ላይ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነው። እኛ ነን ከብስክሌቱ መውረድን እንደ ዕድገት የቆጠርነው።

በእርግጥ ሁለት ሥራ ይዞ፣ አገር ቤት የሚልክ፣ ልጅ የሚያደርስ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን መንገዱ መግቢያ ክፈል አይል፤ በቦዩ ዳር በየጥቂት ማይሉ ያለው የድንኳን ማደሪያም በነፃ ነው። ሩብ ቀን ለሰርግ ቪዲዮ የሚሰጥ ሰው ሁለት ሰዓት ለእግሩ ቢሰጥ አይጎዳም።

ሦስተኛውና የሚከብደው ወቀሳ አገር ቤት ያለነውን የሚመለከት ነው። እኛም ጊዜ ያለፈበት መንገድ አለን። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የባቡር መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አሮጌው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ዝም ካለ ቆይቶ ነበር። ባቡር ደግሞ አቀበት አይወድም፤ መንገዱ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። አሜሪካኖቹ ከከምበርላንድ ወዲያ እስከ ፒትስበርግ ያለውን 150 ማይል የቆየ የባቡር መስመር ጠጠር አልብሰው በ2013 ሙሉውን ለብስክሌትና ለእግረኛ ሰጡት። የእኛስ? ለገሐር፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ... ስሙ ሲጠራ እንኳ መንገድ መንገድ ይላል።

«አገሩ ሰላም ይሁን እንጂ!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከድሬዳዋ ይጀመር ያለ የለም። ከአቃቂ ቢሾፍቱ ለመጀመር ግን መቶ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል? አዲስ አበባ ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርታለች፤ ይመስገን። ግን የተቀባ መስመርና የሚወስድ መንገድ ይለያያሉ። ቢሾፍቱ የሚያደርስ መንገድ ቢኖር ለፈረንጅ ቱሪስት ብቻ አይደለም። ለታክሲ ሳንቲም አጥቶ በከባድ መኪና መሐል በጠርዝ የሚሄደው ተማሪም፣ ወተት የምታደርሰው እናትም ይሄዱበታል። ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሞተር የሌለው ሰው ሳይሞት የሚሄድበት መንገድ ይኑረው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታሰብበት። በሜሪላንድ እርሻና በላውደን ጠጠር መካከል ፖቶማክን የሚያሻግር የቆየ ጀልባ ነበር፤ ኋይትስ ፌሪ ይባላል። በ2020 መጨረሻ በወንዙ ማዶ ባለው ማረፊያ መሬት ክርክር ተነስቶ ከፍርድ በኋላ ቆመ። ስንት ዘመን ሲያሻግር የኖረ ነገር በአንድ ወረቀት! የበቅሎው መንገድ ግን በሕግ የሕዝብ ስለሆነ ማንም ተነስቶ አይዘጋውም። የእኛ አሮጌ ሀዲድ የማን እንደሆነ በጊዜ ካልተጻፈ አንድ ቀን አጥር ይበቅልበታል። ያን ጊዜ ዳኛም ቢመጣ የሚሄድበት የለም።