«ጠለፋ» እና ስም ያልወጣላቸው ሽንቁሮች፡- ስለ ድረ ገጽ ደኅንነት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

እንደሚታወቀው «ጠለፈ» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል፤ እግር ይጠለፋል፤ ቀሚስ በክር ይጠለፋል፤ ልጃገረድ ትጠለፋለች፤ አውሮፕላን ይጠለፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የባንክ ሒሳብ፣ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽና የግለሰብ ስልክ «ተጠለፈ» ይባላል። የቃልን ፍች ማስፋት የተናጋሪው መብት ነውና በዚህ አንከራከርም። የምንከራከረው፣ ይህ አንድ ስያሜ በሙያው ዘንድ ለየብቻ ስም ያላቸውን ጉድለቶች በአንድነት ጠቅልሎ በመያዙ ነው። ሕጉንና ተርጓሚውንም አለያይቷል። የኮምፒውተር ወንጀልን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 «ሕገወጥ ጠለፋ» የሚለው በመተላለፍ ላይ ያለን ዳታ መንገድ ላይ መያዝን ነው፤ ያለ ፈቃድ መግባትን ግን «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎ ለይቶታል። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ሁለቱም ጠለፋ ናቸው።

«ጠለፋ»፣ «ምንተፋ»፣ «ሰርጎ ገብ» የሚሉት ስያሜዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የሌባውን እጅ እንጂ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አይጠሩም። ከዚህም የተነሣ ሌባ ባልተገኘ ጊዜ ቋንቋው ቃል ያጥረዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን እናስታውስ። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ የገንዘቡም መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነገረ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በራሱ ሥርዓት ላይ ከተደረገ የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ የጠለፈ የለም፤ ሊከለክል የሚገባው ሥርዓት ግን አልከለከለም። ይህን ዓይነቱን ጉድለት በአማርኛ ምን እንበለው? እስከ ዛሬ ያለን ስም በየመስኮቱ የሚነገረን «የሲስተም ችግር» ብቻ ነው። ይህም ስም ከተባለ ነው።

በበኩላችን ስያሜዎቹን የምንመዝንበት ሚዛን ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ራቅ ያለ እንዲሆን መርጠናል። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ የገበያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚገኝ የቅቤ ወይም የእህል ነጋዴ ገንዘቡን በስልክ ሲያስተላልፍ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ነው። ስያሜው ለዚህ ሰው ምንም ካልነገረው፣ ለሙያተኛውም የሚነግረው እንግሊዝኛውን አስታውሶ የሚሞላውን ያህል ብቻ ነው።

አስቀድሞ የሚነሣው «ኢንጄክሽን» የተባለው ጉድለት ነው። ተርጓሚ «መርፌ» ወይም «ክተባ» ለማለት ይቃጣዋል። ሁለቱም አሳሳች ናቸው፤ ክትባት በሕዝቡ ዘንድ የመከላከያ ስም ነውና ጉድለቱን በመድኃኒቱ መጥራት ይሆናል። የነገሩ አሠራር ግን ለቋንቋ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ድረ ገጹ «ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጻፈለትንም በትእምርተ ጥቅስ መካከል አስገብቶ የመረጃ ቋቱን «እንዲህ የሚባለውን ሰው ፈልግ» ይለዋል። ተንኰለኛው በስም ፋንታ የጥቅስ ምልክት ጽፎ ጥቅሱን ይዘጋና የራሱን ትእዛዝ ያስከትላል። መሣሪያው ጥቅሱ የት እንዳበቃ የሚያውቀው በምልክቱ ብቻ ስለሆነ፣ የተጠቀሰውን ቃል እንደ ጠቃሹ ቃል ቈጥሮ ይፈጽመዋል። በአማርኛ «እከፍላለሁ አለ» ስንል ከፋዮቹ እኛ እንዳልሆንን የምታስታውቀው «አለ» ናት፤ መሣሪያው ይህች «አለ» የለችውም።

ይህን «ሰምና ወርቅ» ለማለት የሚወዱ ይኖራሉ። ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን በቅኔ ወርቁን ፈልጎ ማግኘት የሰሚው ክብር ሲሆን፣ እዚህ ሰሚው ሁለት ፍች መኖሩን እንኳ አያውቅም። ገበያው የተሻለ ቃል አለው። ቅቤው ወይም በርበሬው የተበላሸበት ሸማች «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ይላል፤ ማንም ፍችውን አይጠይቀውም። ስለዚህ ጉድለቱን «የባዕድ ትእዛዝ ቅልቅል»፣ ባጭሩም «ባዕድ ትእዛዝ» እንድንለው እናሳስባለን። ስሙ መከላከያውንም ይዟል፤ መከላከያው አለመቀላቀል ነውና። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ትእዛዙን አስቀድሞ ሰፍቶ ያዘጋጃል፤ ከተጠቃሚው የመጣውም በሌላ ስልቻ ለብቻው ይቀርባል፤ ሁለቱ በአንድ ዕቃ አይገለበጡም። የመጣውን ጽሑፍ ማበጠርም ይጠቅማል፤ ሆኖም እህል የለቀመ ሁሉ እንደሚያውቀው አንዲት ጠጠር ሳትታይ ትቀራለች። ማበጠር የመለየት ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ቃል በቃል ሲተረጐም «ተሻጋሪ ድረ ገጽ ስክሪፕት» የሚሆነው ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣ በኋላ ነገሩ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ሳይሻገርም የሚፈጸም መሆኑ ስለ ታወቀ ስሙ ለራሱ ለባለቤቱም ጠቦታል። የጠበበ ልብስ መዋስ ምን ይጠቅመናል? በዚህ ጉድለት አንድ እንግዳ በሚጽፈው አስተያየት ውስጥ የተሸሸገ ትእዛዝ ይጨምራል፤ ድረ ገጹም ለሚመጡት ሁሉ በራሱ ስም ያሰማላቸዋል። ቀድሞ በገበያ መካከል ነጋሪት ተጐስሞ አዋጅ ሲነገር ሕዝቡ ነጋሪውን የሚሰማው ከበስተኋላው ስላለው ሥልጣን ነበር፤ በነጋሪው ወረቀት ላይ አንድ መስመር የጨመረ ሰው ቢኖር ያችም መስመር አዋጅ ሆና ትሰማለች። የጐብኚውም ማሰሻ እንዲሁ ያምናል፤ የመግቢያ ምልክቱንም ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። «ባዕድ ጽሑፍ» ብንለው ከፊተኛው ጋር ዘመድነቱ ይታያል። ዘመድነቱም የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር ጉድለቶች ዝርዝር ሁለቱን በአንድ ክፍል አስገብቷቸዋል። መከላከያው ከእንግዳ የመጣ ምልክት ሁሉ በገጹ ላይ ሲወጣ እንዲነበብ እንጂ እንዳይፈጸም አድርጎ መጻፍ ነው።

በዚያው ዝርዝር የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው የፈቃድ ቍጥጥር መሰበር ነው። እዚህ ላይ የምናመሰግነውን ቃል መውቀስ ሊኖርብን ነው። «የይለፍ ቃል» ከተሳኩልን ስያሜዎች አንዱ ነው፤ ዘበኛን፣ በርንና «ይለፍ»ን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ነገር ግን ቃሉ ከበሩ ያለፈ ሰው በግቢው ውስጥ እንዳሻው ይሂድ የሚል አሳብ ያሳድራል። ጉድለቱም ይኸው ነው። በትክክለኛ ቃሉ የገባ ደንበኛ በአድራሻው ላይ የሚታየውን የራሱን ቍጥር በጎረቤቱ ቍጥር ቢለውጥና የጎረቤቱ ሒሳብ ቢከፈትለት፣ የተሰበረ ቃልም የተጠለፈ መሥመርም የለም። የሕጉ «ደራሽነት» ደግሞ በሰሚው ጆሮ ደራሽ ውኃን ይጠራል።

ለዚህ የሚሆን ልዩነት ጋይንት ራሱ ያቈየልን ይመስለናል። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ማስመስከሩ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ ያረጋግጥለታል፤ በየትኛው ደብር ምን እንደሚሾም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ማንነትን ማረጋገጥን «ማስመስከር»፣ ሊያደርግ የሚገባውን መወሰንን «ፈቃድ» ብንል ሁለቱ አይምታቱም። የመከላከያው ትምህርትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፡- ሰርቨሩ በበሩ ያስመስክር፤ በየክፍሉ ግን ፈቃድ ይጠይቅ።

የቀሩትን ባጭሩ እናልፋለን። «ምስጠራ» መልካም ነው፤ አይነካ። «የእሳት ግድግዳ» የሚለው ትርጉም እሳት እንጂ ጥበቃ አያሳስብም፤ ነጋዴው የሚያውቀው «ኬላ» ይበቃል። የገባን ተጠቃሚ ማሰሻ ተገን አድርጎ ተጠቃሚው ያላሰበውን ጥያቄ በስሙ ማስላክን «በሰው ማኅተም ማዘዝ» ብንለው ቢረዝምም ይገባል።

በመጨረሻ የጠቅላላው ስም ይቀራል። «ተጋላጭነት» ዛሬ ለሰውም ለፕሮግራምም ይነገራል። እኛ ለሰው ብቻ ይሁን፤ የፕሮግራሙ ጉድለት «ሽንቁር» ይባል እንላለን። ቃሉ የጓዳ ነው፣ ለመዝገበ ቃላት አይመጥንም የሚል ተቃውሞ ደርሶናል። የጓዳ መሆኑ እውነት ነው፤ እንስራ ሲያፈስ ሽንቁሩን መፈለግ የለመደው ያ ጓዳ ነውና። ሁለቱ ቃላት በየቦታቸው ሲቆሙ «በድረ ገጹ የፈቃድ ሽንቁር ምክንያት ደንበኞች ተጋላጭ ሆነዋል» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በዛሬው ልማድ ይኸው ዓረፍተ ነገር «ደንበኞች ተጠለፉ» ተብሎ ያበቃል።