የቀይ ደም ሕዋሳት ተለማጭነት በኮምፒዩተር ሲሰላ፤ በአንድ የወባ ጥናት ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

እንደሚታወቀው ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ በጠበቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች (ካፒላሪዎች) ውስጥ እየተጣጠፈ ያልፋል። በፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተያዘ ሕዋስ ግን ፓራሳይቱ እየጎለመሰ በሄደ መጠን ይህን ችሎታውን ያጣል። በመጨረሻው የሺዞንት ደረጃ የሽፋኑ ግትርነት ከጤነኛው እስከ 10 እጥፍ እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ልኬት አሳይቷል። ፌዶሶቭ፣ ካስዌል፣ ሱሬሽና ካርኒያዳኪስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለውጥ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ በደም ፍሰት ላይ የሚያስከትለውን ለመተንበይ የሞከረ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ብዙዎቻችን ሳናነበው ያለፍነው ይመስለኛል፤ የሚናገረው ግን በየጊዜው ስለምናክመው በሽታ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ለመረዳት አያስቸግርም። የሕዋሱ ሽፋን እርስ በርስ በተያያዙ ጥቃቅን ስፕሪንጎች መረብ ይመሰላል፤ በውስጡና በውጭው ያለው ፈሳሽ ደግሞ እርስ በርስ በሚገፋፉ ቅንጣቶች ይወከላል። ፓራሳይቱም ራሱን ችሎ በሕዋሱ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል። የጥናቱ ትልቁ ብርታት በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቆየ ሕዋስ በድንገት ወደ መገለባበጥ የሚሸጋገርበትን ሁኔታ ማሳየት የተቻለው ፓራሳይቱ በግልጽ በመወከሉ ነውና።

ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ትንበያቸው ከሙከራ ውጤቶች ጋር በአኃዝ ጭምር እንደሚስማማ ሲገልጹ አንባቢው ቆም ሊል ይገባል። የተነጻጸረው ከቤተ ሙከራ እንጂ ከሕሙማን ጋር አይደለም። ስዊድናውያኑ ፋሬዩስና ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1931 በመስታወት ቱቦ ያገኙት የደም ፍሰት ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ዋነኛ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአይጥ ደም ሥሮች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በሕያው አካል ውስጥ የፍሰቱ ተቃውሞ ከመስታወቱ ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የኮምፒዩተሩ ቱቦ ቀጥ ያለና ልሙጥ ነው፤ የደም ሥር እንዲህ አይደለም።

ለእኛ ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ጥናቱ የፍሰት ተቃውሞን የሚያሰላው በደሙ ውስጥ ባሉት የታመሙ ሕዋሳት መጠን ነው። ይህን መጠን በማይክሮስኮፕ ከምንቆጥረው ጋር አንድ አድርጎ ማንበብ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጎለመሱት የፋልሲፓረም ደረጃዎች በአንጎልና በሌሎች የአካል ክፍሎች ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ስለሚጣበቁ ከጣት በተወሰደ ደም ላይ የሚታዩት በአብዛኛው ለጋዎቹ ናቸው። በስላይዱ ላይ ጥቂት ፓራሳይት የታየበት ሕመምተኛ ራሱን ስቶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህም ባሻገር የፍሰት ተቃውሞውና የመጣበቁ ሂደት የቀረቡት በየክፍላቸው ነው። ሕመምተኛውን የሚገድለው ግን የሁለቱ መደራረብ ነው፤ ግትር ሕዋሳት አስቀድመው በተጣበቁት በጠበበ ቀዳዳ ለማለፍ ይገደዳሉ። በጽኑ ወባ ከፓራሳይት ነጻ የሆኑት ሕዋሳት ሳይቀሩ ተለማጭነታቸው እንደሚቀንስ፣ ይህም ከሞት ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። በስሌቱ ውስጥ ግን ያልተያዘው ሕዋስ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል።

ጥናቱ በርዕሱ ስለ ፋልሲፓረም ብቻ እንደሚናገር በግልጽ ስላስቀመጠ ቫይቫክስን አልጨመረም ብሎ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ችግሩ ያለው ውጤቱን ስለ ወባ በጠቅላላ አድርጎ በሚጠቅስ አንባቢ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቫይቫክስ የተያዘ ሕዋስ ይበልጥ ይለመጣል እንጂ አይጠነክርም። ሁለቱም ዝርያዎች በሚገኙባት ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ለአንዱ የተሰላው በሌላው ላይ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላልና። ቫይቫክስን እንደ ፋልሲፓረም በቤተ ሙከራ ለረጅም ጊዜ ማራባት ባለመቻሉ፣ ለስሌት ግብዓት የሚሆኑ ልኬቶችም ጥቂት ናቸው።

ከጸሐፊዎቹ መካከል ሱሬሽና ካርኒያዳኪስ የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሥራ ወደ ሕክምናው ይበልጥ የቀረበ ነው፤ የተጠናው ሕዋሳት በጣፊያ ጠባብ ስንጥቆች ውስጥ የሚያልፉበት ሁኔታ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኢንዶኔዥያዋ ፓፑዋ ምልክት በማያሳዩ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ አብዛኛው የቫይቫክስ ፓራሳይት በጣፊያ ውስጥ ተሸሽጎ እንደሚኖር አሳይቷል። ለስላሳ የሆነው የቫይቫክስ ሕዋስ በስንጥቁ ማለፍ የሚችል ሆኖ ሳለ በጣፊያ ውስጥ ለምን እንደሚከማች ማስላት፣ ለዚህ ዓይነቱ ሞዴል የሚመጥን ጥያቄ ነው።