ያለ ጉልበት የሚገባ ፕሮሰሰር

በ2013 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ440ፒ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የመዳሰሻው ሰሌዳ ለብቻቸው የተሠሩ ቁልፎች ስለሌሉት በጊዜው ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። የዚህ ማሽን ሙያ የሚታየው ሲገለበጥ ነው።

ባትሪው በእጅ ይወጣል። ሁለት ብሎኖች ይላላሉ፣ የታችኛው ክዳን ሸርተት ብሎ ይነሳል፤ በቃ። ራሙ፣ ዲስኩ፣ ፋኑ፣ ከፋኑ የሚነሳው የመዳብ ቱቦ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ከዚያው ቤተሰብ ቀድሞ የወጣው ቲ420 እንኳ ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎች አንዱን ኪቦርዱ ስር ደብቆ ነበር፤ እዚህ ግን የተደበቀ የለም። የነደፉት መሐንዲሶች ከዓመታት በኋላ ማሽኑን የሚከፍተውን የማያውቁትን ሰው አስበውለታል። ኩባንያውም የጥገና መመሪያውን ማንም እንዲያነበው በነጻ አውጥቶታል፤ የትኛው ብሎን መቼ እንደሚፈታ በሥዕል ያሳያል።

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ወጣት ይህን ማሽን ሲያሳድግ አጠገቡ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማሽኑ እየተንቀራፈፈ አላሠራ ስላላቸው አዲስ ሊገዙ አስበው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ገና ይሠራልዎታል። ውስጡን እንቀይርለት» አላቸው።

ሥራው የጀመረው ካቻቪቴ ከመያዙ በፊት፣ ዕቃውን ሲመርጥ ነው። በማሽኑ ላይ የነበረው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ5-4300ኤም ሲሆን፣ 2 ኮር አለው፤ የተመደበለት የኃይል መጠን 37 ዋት ነው። በዚያው ሶኬት ላይ የሚገጥሙ ባለ 47 ዋት ፈጣን ፕሮሰሰሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሮጠውም ወደነሱ ነው። ወጣቱ ግን አይ7-4712ኤምኪውን መረጠ። 4 ኮር አለው፣ የኃይል መጠኑ ግን ያው 37 ዋት ነው። ኮሩ በእጥፍ ሲያድግ ማቀዝቀዣው የሚሸከመው ሙቀት ከተሠራለት ልክ አያልፍም። እኔ ሙያ የምለው እንዲህ ያለውን ምርጫ ነው።

በራሙም ላይ ያው ጥንቃቄ አልተለየውም። ይህ ማሽን የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው። በ1.5 ቮልት የሚሠራው ተራው ዲዲአር3ም 204 እግሮች ስላሉት እዚያው ቦታ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ መግጠሙ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ወጣቱ ሁለቱንም ራሞች ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ በላያቸው ከተለጠፈው ወረቀት ላይ «ፒሲ3ኤል» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ ነው የተቀበላቸው። ሁለቱም ባለ 8 ጊጋባይት ናቸው፤ ድምሩ 16፣ ይኸውም ማሽኑ የሚችለው ጣሪያ ነው። አንድ ራም ብቻ ከማስገባት ይልቅ እኩል የሆኑ ሁለት ራሞችን ማስገባት ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ጎን ለጎን መረጃ እንዲያመላልስ ያደርገዋል።

ማቀዝቀዣውን ሲያነሳ ሙቀት የሚያስተላልፈው አሮጌ ፔስት ደርቆ እንደ አመድ ሆኗል። በአልኮል ባረጠበው ለስላሳ ጨርቅ፣ ሲሊኮኑ የመብራቱን ብርሃን መልሶ እስኪያሳይ ድረስ አጸዳው። ከዚያ የምወደው ክፍል መጣ። ከሶኬቱ ጠርዝ ላይ አንድ ብሎን አለ። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ግማሽ ዙር ሲዞር የሶኬቱ የላይኛው ገጽ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ከ900 በላይ የሆኑትን የፕሮሰሰሩን እግሮችም በአንድ ጊዜ ይለቃቸዋል። አሮጌው ፕሮሰሰር ያለምንም መታገል ቀጥ ብሎ ወጣ። በአዲሱ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተካከለና ለቀቀው። ጣቱን አልጫነበትም፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ገብቶ ተቀመጠ። ብሎኑ ወደ ቦታው ሲመለስ እግሮቹ ሁሉ ተያዙ። መጫን ካስፈለገ አንድ እግር ተጣሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እጅን ማቆም ይገባል።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የብረት ክዳን የለውም፤ ሲሊኮኑ ራቁቱን ነው። አንዱን የማቀዝቀዣ ብሎን መጀመሪያ ጥርቅም አድርጎ ያሠረ ሰው ክብደቱን በአንድ ጥግ ላይ ስለሚያሳርፍ ጠርዙን ሊሰብረው ይችላል። ወጣቱ ፔስቱን ቀብቶ ማቀዝቀዣውን ካስቀመጠ በኋላ እያንዳንዱን ብሎን ጥቂት ጥቂት እያዞረ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገረ አጠበቀ። ራሞቹን አጋድሞ አስገብቶ ወደ ታች ሲጫናቸው ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ አሉ።

መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ። ማሽኑ አዲሱን ራም እየለካ ስለሆነ ይህ ያለ ነገር ነው፤ ያላወቀ ሰው ግን ደንግጦ ያጠፋዋል። ከዚያ 16 ጊጋባይት የሚለው ቁጥር ወጣ። መምህሩ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «ነገ ይውሰዱት ጋሼ፣ ራሙ ሌሊቱን ይፈተን» አላቸው። ሜምቴስት የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ አሳደረው። ብዙ ሠራተኛ የሚዘለው ይህን ነው። የተበላሸ ራም ደግሞ ወዲያው ላያሳውቅ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ የሰው ፋይል ሲበላሽ ነው የሚታወቀው።

ሁሉ ተፈታ አልልም። ዊንዶውስ 11 ይህን የፕሮሰሰር ትውልድ በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ አብቅቷል። ስለዚህ ወጣቱ ሊኑክስ ጫነላቸው። ማሽኑ በአሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከሁሉም በፊት መቀየር የነበረበት እሱ ነበር፤ ኤስኤስዲ የሚያመጣውን ለውጥ ፕሮሰሰር ብቻውን አያመጣውም።

ከቲንክፓድ ቲ ተከታታይ ፕሮሰሰራቸው ከሶኬት ከሚነቀል የመጨረሻዎቹ ማሽኖች አንዱ ይህ ቲ440ፒ ነው። ቀጣዩ የኢንቴል የላፕቶፕ ትውልድ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ መጣ። ዛሬ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙም ጭምር ተበይዷል። ማሽኑ ቀጥኗል፣ ቀሏል፤ እኔ ግን ልውውጡ አላዋጣንም እላለሁ። ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን ራሙ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል ብላችሁ ጠይቁት።